በዕድር መልእክት ላይ የሚጻፉ ምሕጻረ ቃላት ትርጉማቸውና አገባባቸው

የዕድር ጸሐፊ (ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ መንደር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ድሮ ለቅሶ ሲደርስ ጡሩምባ እናስነፋ ነበር፤ አሁን ግን አባላቱ በየአቅጣጫው ስለሚውሉ የምናስታውቀው በቴሌግራም ነው። ባለፈው ወር የአንድ አባላችን እናት ማረፋቸውንና የቀብሩን ሰዓት ስጽፍ፣ አንድ ወጣት «አር አይ ፒ» የሚባሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ አስቀመጠ። አንዲት ወጣት ደግሞ ቁጥር 10ን «ኪው» ከሚባለው ፊደል ጋር አጋጥማ ጻፈች። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ በሟች ላይ የተሰነዘረ ቀልድ መስሏቸው ነገሩን በስብሰባ አነሡት፤ ለማስረዳት ብሞክርም ትርጉሙን በቅጡ ስለማላውቀው አልቻልኩም። ወጣቶቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለማውቃቸው ክፉ አስበው እንዳልጻፉት አምናለሁ። የእነዚህና የመሳሰሉት አጻጻፎች ትርጉም ምንድን ነው? በምን ጊዜስ መጠቀም ተገቢ ይሆናል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የእንግሊዝኛ መምህር

የተከበሩ ጸሐፊ፣ «አር አይ ፒ» ቀልድ አይደለም፤ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት በመቃብር ድንጋይ ላይ ሲቀረጽ የኖረ ጸሎት ነው። የመጣው «በሰላም ይረፍ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ሐረግ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም ቃላትም በእነዚያው ሦስት ፊደላት ስለሚጀምሩ አጻጻፉ ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። ቁጥር 10 እና «ኪው» ደግሞ «ቴንኪው» ተብለው ሲነበቡ በእንግሊዝኛ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል ስለሚመስሉ፣ በአገራችን ወጣቶች ዘንድ የተለመደ የምስጋና አጻጻፍ ሆነዋል። ስለዚህ ልጅቷ ስላሳወቋት አመስግናዎታለች እንጂ ሌላ ነገር አላለችም።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው «ኤል ኦ ኤል» በተባለው ነው፤ ትርጉሙ «ጮክ ብዬ ሳቅሁ» ስለሆነ በለቅሶ መልእክት ሥር ከተጻፈ በእርግጥ ያሳዝናል። ይህን ሳያውቁ መሳሳት ግን በእኛ አዛውንት ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የጋዜጦችን አሠራር በመረመረው የሌቪሰን ኮሚሽን ፊት የጋዜጣ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ሬቤካ ብሩክስ እንደተናገሩት፣ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ትርጉሙ «ብዙ ፍቅር» መስሏቸው መልእክቶቻቸውን አንዳንድ ጊዜ በእነዚህ ፊደላት ይፈርሙ ነበር። «ኦ ኤም ጂ» ደግሞ «ወይ አምላኬ» ማለት ሲሆን፣ የዘመኑ ፈጠራ ቢመስልም እ.ኤ.አ. በ1917 አድሚራል ጆን ፊሸር ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ የወጣቶቹ ልማድ ከየት እንደመጣ ልጨምርልዎት። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በድምሩ 1120 ቢት (የመረጃ ትንሿ መለኪያ) ይይዛል። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ በአንድ መልእክት 160 ፊደል ሲገባ፣ የግእዝ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ሰው በአንድ መልእክት ሒሳብ ብዙ ለመናገር ሲል አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ቀጥሎም አናባቢዎቹን እየጣለ ማሳጠር ጀመረ፤ በዚያ ላይ የቀድሞዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ የግእዝ ፊደል አልነበራቸውም። ቴሌግራም በአንድ መልእክት እስከ 4096 ፊደል ስለሚፈቅድ ምክንያቱ ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

በከተማችን ሌላም ነገር አለ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ በዚያ ቋንቋ ለተማረ ልጅ የላቲን ፊደል ባዕድ አይደለም። በሲዳምኛ አጻጻፍ «ጠ» የምትወከለው «ኤክስ» በሚባለው ፊደል ነው። ጓደኛዬ «መጣ» ሲል «ኤክስ»ን ይጠቀማል፤ እኔ «ቲ»ን እጠቀም ስለነበር «መጣ» እና «መታ» በእኔ አጻጻፍ አንድ ይሆኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር የእርሱ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ሆኖም አጻጻፉን የማያውቅ ሰው «መክሳ» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት

የተማሪው ነገር የራሴን አስታወሰኝ። ታላቅ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ስለ አጎታችን የላከልኝ መልእክት «ኤም» እና «ቲ» የሚባሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበሩበት። እርሱ «መጣ» ሊል ነበር፤ አጎታችን ሕመምተኛ ስለነበር እኔ «ሞተ» ብዬ አነበብሁት። ከአቱቴ እስከ ቤቴ ድረስ በባጃጅ ውስጥ እያለቀስሁ ስመጣ፣ አጎቴ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አናባቢ ከተጣለ «መጣ»፣ «መታ»፣ «ሞተ»፣ «ማታ» ሁሉም አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቤ በላቲን ፊደል ጽፌ አላውቅም።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር

ማሳጠር ራሱ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር እለምናለሁ። «ዓ.ም.»፣ «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ» እያልን ስንጽፍ ኖረናል፤ «ወዘተ» እንኳ «የቀረውም» የሚል ትርጉም ያለው የግእዝ «ወዘተረፈ» አጭር መልክ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን ከነተነባቢው ስለሚይዝ ሲያጥር እንደ ላቲኑ ድምፁ አይጠፋም። ያም ሆኖ በለቅሶ ማስታወቂያ ላይ ስም በእዝባር (/) ባይቆረጥ እመርጣለሁ። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ስለሚችል፣ ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት አንባቢው ይጠራጠራል፤ «ተ/ማርያም»ም ተክለ ማርያም ወይም ተስፋ ማርያም ይሆናል። የሰው ስም ለመጨረሻ ጊዜ በሚነገርበት መልእክት ላይ ሁለት ፊደል መቆጠብ ለእኔ ከባድ ነው።

የዕድር ጸሐፊ (ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ወጣቱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ፣ መምህሩ የጻፉትን አነበብሁላቸው። ሽማግሌው ትርጉሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ፤ «ታዲያ ነፍስ ይማር ብትል ምን ነበረበት?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወንጌላዊ አማኝ በመሆኑ ለሞተ ሰው መጸለይ በእምነቱ እንደሌለ፣ ዝም ማለትም ስለከበደው እነዚያን ፊደላት እንደ ቀላል የሐዘን መግለጫ አድርጎ እንደጻፋቸው በትሕትና አስረዳ። እነርሱም ጸሎት መሆናቸውን ያወቀው ከእኔ ንባብ ነው። በዕድራችን ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም ስላለን፣ ሁሉም ያለ ችግር ሊጽፈው የሚችል «ፈጣሪ ያጽናናችሁ» የሚል ቃል በማስታወቂያው ግርጌ እንዲሰፍር ሽማግሌው ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ ለስብሰባው አቀርበዋለሁ። ምስጋናን ግን እያንዳንዱ እንደለመደው ቢጽፍ አልከለክልም።

በመዝገባችንም «ወ/ማርያም» ተብለው የተመዘገቡ ሁለት አባላት ስላሉ፣ ሙሉ ስማቸውን በመጪው እሑድ ከራሳቸው ጠይቄ አስተካክላለሁ።