«ቀንድ አውጣ» ያለው ማን ነው?

ደንገል፦ ትናንት ባሕር ዳር ሲያካፋ ዋለና አመሻሹ ላይ የአጥራችን ድንጋይ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ ብቅ አለ። ልጄ አየችውና «አባዬ፣ ቀንድ አውጣ ብሎ ያዘዘው ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነት «አውጣ» ትእዛዝ ነው? «ቀንድ አውጪ» ለምን አልተባለም?

ፊደል ቆጣሪ፦ መልኩ የትእዛዝ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ። «ነፍስ አድን»ን ተመልከት። «ልብ አውልቅ»ንማ ማን ያዘዋል? ሳይታዘዝ ያወልቃል እንጂ! ስም ቀድሞ ግሱ በትእዛዝ መልክ ሲከተል፣ ያንን ማድረግ ጠባዩ የሆነ ማለት ነው። «አውጪ» ቢባል የአንድ ጊዜ ሥራም ሊሆን ይችላል፤ «አውጣ» ግን አመል ነው።

ዘጌ ማዶ፦ የሕይወት ሳይንስ አስተማሪ ስለሆንሁ ከሰዋስው ትንሽ ልውጣ። አብዛኞቹ የየብስ ቀንድ አውጣዎች የሚመደቡበት ክፍል ስታይሎማቶፎራ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ዓይኑን በዓምድ ላይ የተሸከመ እንደ ማለት ነው። በላይኞቹ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ዓይን ናት። ልጅህ በሰንደዶ ጫፍ ቀስ ብላ ትንካው። ቀንዱ አይታጠፍም፤ ከውስጥ እንደ ተሳበ የሸሚዝ እጅጌ እየተገለበጠ ይገባል፣ ዓይኑም አብሮት። ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው የውሃው ቢዮምፋላሪያ ግን ሁለት ቀንድ ብቻ ነው ያለው፤ ዓይኖቹ ከቀንዶቹ ሥር ናቸው፣ ቀንዶቹንም እንዲህ አይገለብጣቸውም።

ፊደል ቆጣሪ፦ እንግዲያው የውሃው ቀንድ አለው እንጂ ቀንድ አውጣ አይደለም! ስሙን ከየብሱ ተውሶ ነው የሚኖረው።

ደንገል፦ መምህር፣ የእኔው አጥር ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ። ዛጎሉ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ ነው፤ ቡናማ ዥጉርጉር መስመር አለው።

ዘጌ ማዶ፦ ሳላየው አልፈርድም እንጂ አገላለጽህ የሊሚኮላሪያን ወገን ይመስላል። ስሙ «ጭቃ ነዋሪ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ዝርያውን ግን በዛጎል ብቻ አትጠይቀኝ። ቡርጊኛ የተባለው ፈረንሳዊ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን ቀንድ አውጣዎች ሲጽፍ፣ ዛጎሉ ትንሽ በተለየ ቁጥር አዲስ ዝርያ እያለ ስም ይሰጥ ነበር። በሊሚኮላሪያ ወገን ውስጥ ደግሞ የአንድ ዝርያ ልጆች አንዱ መስመር ያለው፣ ሌላው የሌለው ሆነው አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ዛሬ ምደባው የመራቢያ አካሉን ውስጣዊ አሠራርና ዘረ መሉን ሳያይ አይቆርጥም። ከቡርጊኛ ስሞች ብዙዎቹ ወድቀዋል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰውዬውስ «ስም አውጣ» ነበር።

ደንገል፦ በሰንደዶ ነካችው። የግራው ብቻ ገባ፤ በቀኙ ዓይን እያየን ቀረ።