"ወረቀት አያሽም"፦ የማሳጅ ላይሰንስ ክርክር

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዲት እህት "ላይሰንስ (የስቴት የሥራ ፈቃድ) የሌላት ማሳጅ ሠሪ ሰው ላይ እጇን ባታሳርፍ ይሻላል" ብላ ጽፋ አየሁ። ብዙ ሰው ላይክ አድርጎላታል። እኔን ግን ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ለዓመታት በማሳጅ ነው የኖረችው። ደንበኞቿ ወረፋ ይዘው ነበር የሚጠብቋት። ከዚያ ወደኛ ወደ ሜሪላንድ ተዛወረች። ሜሪላንድ ምን አለቻት? 750 ሰዓት ተማሪ፣ ፈተና ተፈተኚ፣ ከዚያ ነይ። ያን ሁሉ ዓመት የሠራችው አንድ ሰዓት እንኳ አልተቆጠረላትም። አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ትቀበላለች። ሰው የሚያሸው እጅ ነው። ወረቀት አያሽም!

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም እደግመዋለሁ። ለዘመድህ ከልቤ አዝናለሁ። ግን "ወረቀት አያሽም" አትበል። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ማሸት ለመቻል ብቻ አይደለም፤ መቼ ማሸት እንደሌለባት እንድታውቅም ነው። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለው ደለስ ኤርፖርት ድረስ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ይመጣሉ እንበል። ከሁለት ቀን በኋላ አንዱ ባታቸው ያብጣል። ይሞቃል። ሲነካ ያማቸዋል። ሌላው እግር ደህና ነው። "ልጄ፣ እስቲ ይቺን እግሬን አሸት አድርጊልኝ" ይላሉ። ያልተማረች ልጅ ቅባቷን ይዛ ትቀመጣለች። የተማረችው ግን አንዱ እግር ብቻ ማበጡን ስታይ እጇን ትሰበስባለች። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ስታሸው የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሲስተር፣ አትማር ያለ ሰው የለም። እኔ የምለው ሰዓቱን ማን ለካው ነው። ዲሲ 500። ቨርጂኒያ 500። ቴክሳስ 500። ሜሪላንድ 750። ኒውዮርክ 1000። የዲሲና የሜሪላንድ ድንበር የሆነው ኢስተርን አቬኑ ላይ ሄደሽ ቁሚ። አንዱ እግርሽ ዲሲ ነው፣ ሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ። አንዱን ለማሸት 500 ሰዓት፣ ሌላውን ለማሸት 750። ያንቺ የደም መርጋት መንገድ ሲሻገር ይብሳል? የኒውዮርክ ሰውስ ከቴክሳስ ሰው እጥፍ ጡንቻ አለው? ለሰው ጤና ታስቦ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ አንድ ይሆን ነበር።

የዳላሷ፦
እኔ ላይሰንስ አለኝ፣ በዚሁ ሥራ ነው ልጆቼን የማሳድገው። "ወረቀት አያሽም" የሚል ሰው ወረቀቱን ለማግኘት ምን እንደሚከፈል አያውቅም። የቴክሳስን 500 ሰዓት ልዘርዝርልህ። 200ው ማሳጅ ራሱ ነው፤ ከእሱ ውስጥ ቢያንስ 125ቱ ስዊዲሽ የሚባለው መሠረታዊ የማሳጅ ዓይነት ነው። 50 ሰዓት አናቶሚ፣ የሰውነት አሠራር። 50 ሰዓት ኪኒሲዮሎጂ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት። 40 ሰዓት ፓቶሎጂ፣ የበሽታ ትምህርት፤ ሲስተር ያለችው ነገር እዚያ ነው ያለው። 45 ሰዓት ሕግና ሥነ ምግባር። መጨረሻ ላይ 50 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፤ ከመንገድ የመጣ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ አስተማሪ እየተከታተለህ ትሠራለህ። እጅ እጅ የምትለው እጅ የሚሠለጥነው እዚያ ነው።

የወጌሻ ልጅ፦
ይቅርታ፣ ዝም ልል ነበር ግን አልቻልኩም። "እጅ የሚሠለጥነው እዚያ ነው" ትያለሽ። አባቴ ደብረ ብርሃን የታወቀ ወጌሻ ነበር። ከአባቱ ነው የተማረው። ወለምታ ሲመጣለት በጣቱ ብቻ ዳሶ የቱ ጅማት እንደተያዘ ይነግርሻል። ቅቤ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ አስሮ ይልካል። ክፍያው ቡናና ምርቃት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። እሱን ኪኒሲዮሎጂ ማን አስተማረው? የአባቶቻችንን እውቀት እንዲህ አቃልላችሁ ስታወሩ ያመኛል።

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
አባትህን አላቃለልኩም። ነፍሳቸውን ይማር ወይም ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ነርስ ነኝ፣ አገር ቤትም ሠርቻለሁ። ሰው የማያወራውን ላውራ። ስብራት ላይ ቀርከሃ ጥብቅ አድርገው ሲያስሩ ደም መተላለፊያ ያጣል። ጣቱ ይጠቁራል፣ ይቀዘቅዛል። ጋንግሪን ይሆናል። እጃቸውና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። ሐኪሞቻችን በጥናት የጻፉት ነገር ነው፣ ወሬ አይደለም።

የወጌሻ ልጅ፦
ስብራት ሌላ፣ ማሸት ሌላ! እኛ የምናወራው ስለ ማሳጅ ነው። አባቴ የተሰበረ አጥንት ሲመጣ "ይሄን ሆስፒታል ውሰዱ" የሚል ሰው ነበር። የማይችለውን ያውቅ ነበር። አንድ ያጠፋ ወጌሻ ስላለ ሁሉም ጥፋተኛ ነው? ዲግሪ ያለው ሐኪምስ አያጠፋም?

የዳላሷ፦
ሐኪሙ ሲያጠፋ የምትከሰስበት ቦርድ አለህ። ልዩነቱ እሱ ነው። የወጌሻን ነገር ግን ለሌላ ቀን ተዉት፣ እኛ ያለነው አሜሪካ ነው።

ሚኒሶታዊ፦
ሚኒሶታን ሕግ የሌላት አገር አታስመስሏት። ልጅቷ እዚህ ስትሠራ በስቴት ደረጃ የማሳጅ ላይሰንስ አልነበረም፣ እውነት ነው። ከተሞች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በዚያ ላይ 146A የሚባለው የስቴቱ ሕግ አለ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ለደንበኛው መብቱን የሚዘረዝር ወረቀት ትሰጠዋለህ። ወረቀቱ ላይ ስቴቱ ለዚህ ሥራ የትምህርትና የሥልጠና መስፈርት እንዳላወጣ በግልጽ ተጽፏል። ደንበኛው አንብቦ ይፈርማል። ካጠፋህ ጤና ጥበቃው ሥራ ሊያስቆምህ ይችላል። ሰው አውቆ ከመረጠ መንግሥት ምን አገባው? ለዓመታት በዚህ ኖረናል።

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ራስህ ጻፍከው እኮ። "ስቴቱ መስፈርት አላወጣም" የሚል ወረቀት ላይ የሚፈርም ሽማግሌ ምን አውቆ ነው የሚመርጠው? የእኛ ሰው የሆስፒታል ፎርም እንኳ ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

እና ሸገር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዘመድህን የጎዳት ሜሪላንድ ላይሰንስ መጠየቋ ነው ወይስ ሚኒሶታ አለመስጠቷ? ይዛው የምትመጣው ላይሰንስ ቢኖራት ኖሮ የምትከራከርበት ነገር ነበራት። አሪዞና ከ2019 ጀምሮ የሌላ ስቴት ላይሰንስ ይዞ ለሚገባ ነዋሪ እውቅና ትሰጣለች። ላይሰንስ ለሌለው ግን ምኑን ታውቅለታለች? ባዶ እጅ ነው።

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
"ባዶ እጅ" ነው ያልሽው? ለዓመታት ሰው ያዳነ እጅ ባዶ ነው? ይሄንን ነው የምጠላው። ስደተኛ ልጅ በላቧ ያመጣችውን ሙያ ዜሮ ታደርጉታላችሁ።

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰነድ የላትም ማለቴ እንደሆነ ገብቶሃል። ነገር አታዙር። የት ነው የተማረችው? እሱን ንገረን።

የቬጋሱ፦
ሁለታችሁም አንድ ትልቅ ነገር እያለፋችሁ ነው። ይሄ ሥራ ምን እንደሆነ ስቴቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ኦሃዮ ማሳጅ ቴራፒስትን የሚቆጣጠረው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቨርጂኒያ የነርሶች ቦርድ ነው። ቴክሳስ ከ2017 ጀምሮ ኤሌክትሪሻኑንም፣ ፀጉር አስተካካዩንም፣ መኪና ጎታቹንም የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ኔቫዳ 550 ሰዓት ነው የምንጠይቀው። ሃምሳዋ ከየት እንደመጣች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ግን ላይሰንሱ ይቅር ለምትሉት ካሊፎርኒያን እዩ። በ2008 የወጣው ሕግ ሰርቲፊኬቱን በፈቃደኝነት አደረገው፣ የከተሞቹን ሥልጣን ደግሞ ቀነሰው። ማሳጅ ቤት እንደ አሸን ፈላ። ስንቱ ማሳጅ ቤት እንደነበረ ስንቱ ሌላ ነገር እንደነበረ ታውቃላችሁ። ከ2015 ጀምሮ ሥልጣኑን ለከተሞቹ መለሱላቸው።

የወጌሻ ልጅ፦
ጋሼ፣ እሱ የፖሊስ ሥራ ነው። ሴት ልጅ አስገድዶ የሚነግድ ሰው 500 ሰዓት ስለተባለ ይተዋል? የሐሰት ላይሰንስ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የሚጠየቀው የእኛ ምስኪን ነው።

የዳላሷ፦
የእኔ ወንድም፣ እዚህ ላይ አንተ ዝም በል። ያ ጥያቄ የሚጠየቀው እኔን ነው። በሩ ተዘግቶ፣ አንሶላ ውስጥ ተኝቶ "ሌላም ነገር ትሠሪያለሽ?" የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ድሮ እንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ስሜና ፎቶዬ ያለበትን ላይሰንስ አሳየዋለሁ። "እኔ በስቴት የተፈቀደልኝ ባለሙያ ነኝ፣ ልብስህን ልበስ" እለዋለሁ። የማሳጅ ቤቱ ባለቤትም ከኔ ጋር ይቆማል፤ ደንበኛ እንዳይቀርበት ሲል ዝም ቢል የራሱ ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ያ ወረቀት አያሽም፣ እሺ። እኔን ግን ይጠብቀኛል። በ2021 አትላንታ አካባቢ ስፓዎች ውስጥ ስምንት ሰው ሲገደል፣ ስድስቱ እስያውያን ሴቶች ሲሆኑ፣ ስንት ሰው መጀመሪያ የጠየቀው "ምን ሲሠሩ ነበር?" ብሎ ነው። የሞቱት ላይ እንኳ። በዚህ ሥራ ያለች ሴት ያንን አትረሳውም።

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይሄን ያልሽውን አከብራለሁ። ግን ለክብርሽ የሚያስፈልገው 500 ነው ወይስ 1000? ሹሩባም ያኔ "ላይሰንስ ካልያዛችሁ አትሥሩ" ይባል ነበር። የእኛ ሴቶች ከልጅነታቸው የሚሠሩትን! ቴክሳስ በ2015 አነሣችው። ማን ሞተ?

የዳላሷ፦
ሹሩባ ተሠርቶ ደም ወደ ሳንባ የሄደበት ሰው የለም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጀርባ ላይ ክርንህን ስታሳርፍ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሲጫኑት አይሰማውም። "ጠንከር አድርጊው" እያለ ይጎዳል። ከእኛ አዛውንቶች ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ብዙ ነው። ሁለቱን አታገናኝ።

ሚኒሶታዊ፦
እሺ ይማሩ። ፈተናውስ? ኤምብሌክስ የሚሉት የላይሰንስ ፈተና 100 ጥያቄ በ110 ደቂቃ ነው። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይሰጣል። በአማርኛ የለም። ይሄ ማንን ለማስቀረት ነው?

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ማንንም ለማስቀረት አይደለም። እንግሊዝኛ የማታነብ ሰው ደንበኛው የሞላውን የጤና ፎርም እንዴት ታነባለች? የመድኃኒቱን ስም እንዴት ታውቃለች?

የወጌሻ ልጅ፦
ደንበኞቿ አበሻ ከሆኑስ? እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። የሚያማትን በእንግሊዝኛ መናገር አትችልም። "ይነዝረኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል" ስትል አራት ዓይነት ትምህርት የተማረ ፈረንጅ ልዩነቱ አይገባውም። በአማርኛ የምትሰማት ልጅ ናት ደህንነቷን የምትጠብቅላት። ሲስተር፣ አንቺ ነርስ ሆነሽ ይሄንን ማጣትሽ ይገርመኛል።

የዳላሷ፦
እዚህ ላይ ከወጌሻ ልጅ ጋር ነኝ። ቋንቋው ሲሰጥ ለሁሉም ይሰጥ። የጡንቻው ስም እንደሆነ ላቲን ነው፤ ስተርኖክላይዶማስቶይድን አሜሪካኑም እንደኔው ሸምድዶ ነው የሚገባው። ማታ ልጆቼን አስተኝቼ ካርድ እየገለበጥኩ ነው የያዝኩት። ጥያቄው በአማርኛ ቢመጣ ሙያው አይረክስም።

የቬጋሱ፦
ለመዘዋወሩ መፍትሔ ብለው ያመጡት የስቴቶች ስምምነት አለ። ኔቫዳ፣ ኦሃዮና ቨርጂኒያ ገብተውበታል። ሥራ የሚጀምረው ሰባት ስቴት ሲገባ ነው። የተማረ በአንድ ላይሰንስ በአባል ስቴቶች ሁሉ ይሠራል።

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ያ ስምምነት ራሱ 625 ሰዓት ወይም የሚመጣጠነውን ይጠይቃል። ቨርጂኒያ በ500 አስመርቃ 625 ላይ ትፈርማለች። ሌላ ቁጥር ጨመሩልን እንጂ ምን አቀለሉልን?

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ጥያቄዬን አልመለስክም። የት ተማረች?

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ተምራለች። ሰርቲፊኬቷ እጄ ላይ ነው፣ 300 ሰዓት ይላል። የቀረውን ሥራው አስተማራት። ደስ አለሽ?

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ለደስታ አልጠየቅኩም። 300 የቨርጂኒያንም አይሞላም፣ ማለቴ ይሄንኑ ነው።

የዳላሷ፦
ሸገር፣ 300ው ከታወቀ ትምህርት ቤት ከሆነ ትራንስክሪፕቷን ታስመጣ። ተቀብሎ የቀረውን ብቻ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። ሳትጠይቅ ከዜሮ እንዳትጀምር። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅ እነግራታለሁ።

ሸገር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እጽፍልሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር ግን አልተውኩሽም። የሠራችበት ዓመት ስንት ሰዓት ነው? ሜሪላንድ እሱን ለምን አትቆጥርም?

ሲስተር ከአሌክሳንድሪያ፦
ማን አይቶላት ነው የሚቆጠረው? ማን ፈርሞላት?

የወጌሻ ልጅ፦
የታሹት ሰዎች ይፈርሙላት!