ሰብሳቢው ዕቃው ሁሉ ይታይልኝ ይላል፤ ሳሎኑ ግን አይችለውም

ብሩሼ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ተራራና ሜዳ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የቤት ውስጥ ሥዕል አልለመድኩም። አሁን አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሳሎኑን እንድስልለት አዘዘኝ። ሸራው 80 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰሃኖች፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት፣ የብር ማንቆርቆሪያ፣ የተቀረጸ ሣጥን፣ ምንጣፍ፣ ምኑ ቅጡ! ጽፎ ነው የሰጠኝ፤ 41 ዕቃ። ግማሹ ያለው መኝታ ቤት ነው። «አንተ ሳሎን አምጥተህ ሳለው» አለኝ። ይሄ ውሸት አይሆንም?

የጥግ ወንበር፦
ወንድሜ፣ ቀድሞህ የዋሸ አለ። ዮሃን ዞፋኒ እ.ኤ.አ. በ1781 የሰብሳቢውን የቻርልስ ታውንሊን ቤት መሳል ጀመረ። ለንደን ነው። በየክፍሉ የነበሩትን የእብነ በረድ ሐውልቶች ሰብስቦ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጨቃቸው። ዲስክ ወርዋሪው የሚባለው ሐውልት እንዲያውም ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው በ1791 ነው፤ ሥዕሉ ላይ በኋላ ተጨመረ። እኔን ግን የሚይዘኝ ሐውልቱ አይደለም። ታውንሊ ተቀምጧል፣ ውሻው እግሩ ሥር ተኝቷል። የሰው ቤት መሆኑ ያስታውቃል።

ወርቅ ቅብ፦
እኔ ደግሞ ዋልተር ጌይን እይ እላለሁ። ፈረንሳይ የኖረ አሜሪካዊ ነው። የሚስላቸው ክፍሎች ሰው የለባቸውም፤ ግን አሁን ገና ሰው የወጣባቸው ይመስላሉ። የሰሃኑን አበባ አንድ በአንድ አይቆጥርልህም። ጠብ ጠብ ያደርገዋል፣ ቀሪውን ዓይንህ ይጨርሰዋል። አንተም 41ዱን እኩል አጥርተህ ከሳልክ የዕቃ መጋዘን ነው የሚወጣህ። ደግሞ ለማንቆርቆሪያው ግራጫ እንዳትበጠብጥ! ብር አጠገቡ ያለውን ነው የሚለብሰው፤ የምንጣፉን ቀይ፣ የመስኮቱን ሰማያዊ። የወርቅ ቅብ ፍሬምም አብዛኛው ቡናማ ነው። ቢጫው የምትገባው ብርሃን የነካው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ብሩሼ፦
ግራጫውን ትናንት በጥብጬ ጨርሻለሁ፣ ዘገየሽ እህቴ። ፋቅኩት።

ዛሬ ሰውየው ቤት ተመልሼ ሄድኩ። «ሁልጊዜ የምትቀመጠው የት ነው?» አልኩት። መስኮቱ ሥር ያለች፣ መደገፊያዋ የተላጠ ወንበር አሳየኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ 14 ዕቃ ይታያል። በዚያው ተስማማን። አንደኛው ሰዓት ግን ከመኝታ ቤት ካልመጣ ብሎ ድርቅ አለ፣ እሺ አልኩት። ወንበሯንም አስገባታለሁ ስለው ሳቀብኝ።

«እሷን ምን ያደርግልሃል? አሮጌ ናት እኮ!»