ህያው ማዳበሪያ የቀባነው ባቄላ ቢጫ ሆነብን፤ ዩሪያ ልበትንበት?

ጎዛምኔው (ነሐሴ 11)
ሰላም ለቤቱ። አባዬ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ጎዛምን ያርሳል። እኔ አዲስ አበባ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምት ሲሆን ወርጄ አግዘዋለሁ። ዘንድሮ ለአንድ ጥማድ ባቄላ ህያው ማዳበሪያ የሚሉትን የ125 ግራም ፓኬት ገዝቼ ሄድሁ። ሰኔ 20 ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰን፣ በጥቁሩ ዱቄት ለውሰን፣ ከኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጋር ዘራነው። አባዬ ጎረቤት እየሰማ «ልጄ ከአየር ማዳበሪያ የሚያወርድ መድኃኒት አመጣልኝ» ሲል ሰነበተ። አሁን ባቄላው ሊያብብ ሲል የታች ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ሁለት ሦስት እግር ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ ላይ መያዝ የነበረበት እባጭ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቶቹ መሳቅ ጀምረዋል። ዩሪያ ልበትንበት?

ዝናብ ጠባቂ (ነሐሴ 11)
በትን ወንድሜ። እኔ ሁለት ዓመት ሞክሬው ምንም ልዩነት አላየሁም። ዱቄቱን ተወው።

አፈር ቤት (ነሐሴ 12)
ዩሪያውን ለጊዜው አቆየው። አፈር ላብራቶሪ ውስጥ የባቄላ ሥር ሳጥብ ያረጀሁ ሴትዮ ነኝና ትንሽ ልዘርዝርብህ።

«ነቅዬ አየሁ» ብለሃል። በክረምት ጭቃ ባቄላ ሲነቀል የሚወጣው ወፍራሙ ሥር ነው፤ ቀጭኑ ሥር ከነእባጩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረህ ከነጓሉ አንሣው፤ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረህ ጭቃው በራሱ እስኪለቅ ጠብቅ። ከዚያ እባጩን በጥፍርህ ሰንጥቀው፤ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሪዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ የሚኖርበት ቤት እሱ ነው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ከቀላ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ቀለብ እየበላ የተቀመጠ ሥራ ፈት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

የሚያቀላው ሌግሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በደማችን ውስጥ ላለው ሄሞግሎቢን ዘመዱ ነው። ናይትሮጅንን ከአየር የሚያስረው ኤንዛይም ኦክስጅን ከነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ካልተነፈሰ ጉልበት አያገኝም። ስለዚህ ተክሉ ኦክስጅኑን በዚህ ፕሮቲን እያስያዘ በቁንጥር በቁንጥር ያደርስለታል። ስኳሩንም የሚቀልበው ተክሉ ነው፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ናይትሮጅኑን በዩሪያ ስትሰጠው እባጭ መሥራቱን የሚተወው ለዚህ ነው፤ ቤቱ እህል የሞላ ሰው ገበያ ምን ያወጣዋል?

እስቲ ንገረኝ፤ ፓኬቱ እስኪዘራ የት ተቀመጠ? ማሳው ላይ ውኃ ይተኛል? ሳትቀቡ የዘራችሁት መስመርስ አለ?

ጎዛምኔው (ነሐሴ 13)
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሚያሳፍረው ልጀምር፤ ፓኬቱ ሁለት ሳምንት ማጀት ውስጥ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነው የከረመው። እማዬ አይጥ እንዳይበላው ብላ ነው። ማሳው ተዳፋት ስለሆነ ውኃ አይተኛበትም። ያልተቀባ መስመር አልተውንም።

ትናንት እንዳሉኝ አሥር ቦታ ቆፈርሁ። ዘጠኙ ላይ እባጩ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ፣ ውስጡም ነጭ ነው። አሥረኛው ጉድ ነው። እማዬ የምድጃ አመድ የምትደፋበት የአጥር ጥግ ላይ ያለው ባቄላ ወገቤ ይደርሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ የሚባል አያውቅም። ሥሩ ላይ እባጩ እንደ ዘለላ ተንዠርግጓል፤ ስሰነጥቀው ጥፍሬ ቀላ። ያው ዘር፣ ያው ፓኬት፣ ያው ቀን!

አፈር ቤት (ነሐሴ 14)
እናትህን አመስግንልኝ፤ ግማሹን ምርመራ ሠርተውልሃል። አመድ እንደ ኖራ የአፈርን ኮምጣጣነት ያበርዳል (ፖታሽየምና ትንሽ ፎስፈረስም አለው፤ እሱም ሳያግዝ አልቀረም)። ቀዩ አፈራችሁ የኮመጠጠ ይመስለኛል። ፒኤች (የኮምጣጣነት ልኬት ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ ፎስፈረሱ ይታሰራል፣ የባቄላው ሪዞቢየምም መባዛት ያቅተዋል።

በፓኬቱ ላይ ግን አልፈርድም። ደጋው ባቄላ ሲዘራ ስንት ዘመኑ ነው፤ አፈሩ የራሱ ሪዞቢየም አለው። አመዱ ጥግ ያየኸው የፓኬቱ ይሁን የአገሬው፣ ያልተቀባ መስመር ስለሌለ በዓይን አይለይም። ዝናብ ጠባቂም «ልዩነት አላየሁም» ሲል ከምን ጋር አስተያይቶ እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል። ምድጃ ላይ የተሰቀለው ግን ሳይሞት አልቀረም ባይ ነኝ። ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ በጥላ ይቀባል፣ እንደተዘራ ወዲያው አፈር ይለብሳል።

ለዘንድሮ፣ እባጩ ነጭ በሆነበት ትንሽ ዩሪያ ብትበትን አልቃወምህም። አመዱ ጥግ ግን አንዲት ፍሬ እንዳታስጠጋ። ሲደርስ በማጭድ እጨዱት እንጂ አትንቀሉት። ደህና የያዘ ባቄላ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊያስር ይችላል፤ በዩሪያ ሲሰላ ከ2 ኩንታል ያልፋል። ብዙው ግን ከፍሬው ጋር ጎተራ ይገባል፣ ገለባውንም ከብቱ ይበላዋል፤ ለከርሞው ስንዴ የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ከአጨዳ በኋላ አፈሩን አስመርምር፤ የኖራው ልክ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ይታረስ።

ከእንጅባራ (ነሐሴ 14)
ጣልቃ ልግባ። እኛ አዊ ባቄላ እምቢ ያለውን ቀይ አፈር ግብጦ እናለብሰዋለን። ማዳበሪያ አያውቅም፤ እባጩ ግን ሥሩን እንደ አንገትጌ ዙሪያውን ይዞት ታገኘዋለህ። ችግሩ ምሬቱ ነው፤ ተቆልቶ ወንዝ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ አይቀመስም። ከሰነበተ ደግሞ ከአረቄ ጋር... ፍልሰታ ላይ ነን፣ ልተወው።

አፈር ቤት (ነሐሴ 15)
ግብጦው እውነት ነው። የባቄላውን ፓኬት ግን ግብጦ እንዳትቀቡበት፤ የግብጦው ብራዲሪዞቢየም የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ አይተዋወቁም።

ጎዛምኔው (ነሐሴ 17)
ሁሉንም ለአባዬ አነበብሁለት። ኖራውን ከምርመራው በኋላ እናያለን አለ። ያልተቀባ መስመር ከርሞ እንተዋለን፤ ፓኬቱም ምድጃ አይሰቀልም። አመዱም ከዛሬ ጀምሮ ለማሳው ይጠራቀም ብሎ አዘዘ፤ የአንድ ቤት አመድ ጥማድ አይሸፍንም ብለው አልሰማኝም። እማዬ «ሠላሳ ዓመት ስደፋው የት ነበርህ?» አለችው።