መርዶ በኢሜይል ግሩፕ ይነገራል እንዴ?

የ89 ባች ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በ1989 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን አብረን የጨረስን ልጆች የኢሜይል ግሩፕ አለን። ወደ 160 እንሆናለን። ግማሹ አዲስ አበባ ነው፣ ሌላው ሜሪላንድ፣ ቴላቪቭ፣ ፍራንክፈርት፣ ዱባይ ተበትኗል። ለዓመታት ሲያስተዳድር የነበረው ልጅ ደከመውና ባለፈው ወር ለእኔ አስረከበኝ። ገና ሳልደላደል ይሄ መጣ።

ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ ከአዲስ አበባ ለግሩፑ ጻፈ። ርዕሱ ላይ የአንዷን ጓደኛችንን ስም ጠርቶ «እናቷ ዐረፉ» ይላል። ልጅቷ ያለችው ሜሪላንድ ነው። እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ወደ ሥራ የምትሄድበት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣለች። ስልኳ ጮኸ፣ አየችው። መልእክቱን መክፈት እንኳ አላስፈለጋትም፣ ርዕሱ ስክሪኑ ላይ ሙሉውን ወጥቷል። ለካ ወንድሞቿ እዚያ ካሉ ዘመዶች ጋር ተነጋግረው፣ ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ ሄደው እንዲነግሯት አዘጋጅተው ነበር።

ከዚያ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ጎረፈ፣ ሁሉም ለሁሉም እየመለሰ። እስከ ማታ 74 ቆጠርኩ። እሷ አልቅሳ ሳትጨርስ ስልኳ በየደቂቃው ይጮሃል። በመሀል አንዱ ተነሥቶ መልእክቱን የላከውን ልጅ «አንተ ሰው አይደለህም» አለው፣ በሁላችን ፊት። እሱም ዝም አላለም። አሁን ሁለቱም ከግሩፑ እንወጣለን እያሉ ነው።

ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። ቀብር ውሎ የመጣ ሰው ነው፣ የሰማች መስሎታል። ሕግ መጻፍ እንዳለብኝ ገብቶኛል፣ ግን 160 ትልልቅ ሰዎችን እንደ ተማሪ ማዘዝ አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

እህቴ፣ ሳነበው ሆዴ ተላወሰ።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ስምንት ቀን ሳላውቅ ቆይቻለሁ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ያደረጉልኝ ነገር ይገባኛል። አርብ ማታ የቤት ጓደኛዬ ስልክሽን አውሺኝ ብላ ወሰደችውና ሳትመልስልኝ አደረች። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ከፊት አንድ ቄስ፣ ከኋላ አንዲት እናት ቡና በፔርሙስ ይዘዋል። ገና ሳያቸው ገባኝ። ግን ስወድቅ የያዘኝ ሰው ነበር። ሥራ ቦታዬም ቀድመው ደውለው ፈቃድ ጠይቀውልኝ ነበር። ያቺ ጓደኛችሁ አውቶቡስ ውስጥ ማን ያዛት?

እኔ ብሆን የመጀመሪያው መስመር ላይ የምጽፈው ይህንን ነው፦ የሞት ዜና ግሩፑ ላይ የሚወጣው ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ለሁሉም ተነግሯቸዋል» ካለ በኋላ ብቻ ነው። የሰማ ሰው በቀጥታ ለአንቺ ይጻፍ ወይ ይደውል፣ አንቺ ቤተሰቡን ጠይቀሽ ትለቂዋለሽ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። አዲስ አበባ ያለው ሰው ለቅሶውን ለመድረስ ኢሜይል አይጠብቅም፣ ሰፈር ለሰፈር ይሰማል። ውጭ ያለነው ደግሞ ቀብር ስለማንደርስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ከተፈቀደም በኋላ ቢሆን ርዕሱ ላይ ስም አይጻፍ። «የሐዘን ዜና» ብቻ ይበቃል። ያ ርዕስ በማን ስልክ ላይ፣ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አይታወቅም። ልጅቷ ብትሰማም እህቷ፣ የአክስቷ ልጅ ገና ያልሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኔትወርክ ሠራተኛው

የሐዘኑን ነገር እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ 74ቱ መልሶች ልናገር፣ ምክንያቱም ይሄኛው በሕግ ሳይሆን በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር ነው።

ጉግል ግሩፕስ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ አድሚን ስለሆንሽ መልስ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ትችያለሽ። «ለሁሉም አባል» ከሚለው «ለጻፈው ሰው ብቻ» ወደሚለው ቀይሪው። ከዚያ በኋላ ለ160 ሰው መመለስ የፈለገ ሰው የግሩፑን አድራሻ ራሱ አስቦ ማስገባት አለበት። ያቺ ትንሽ ድካም ብዙ ነገር ታስቀራለች። የሚመጣው መልእክት አንቺ አይተሽ ካሳለፍሽው በኋላ ብቻ እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል፣ ግን 160 ሰው ለዘለዓለም መፈተሽ ያደክማል፣ ለአንድ ሁለት ወር ይሁን። ብዙ ኢሜይል የሚያማርረው አባል ካለ ደግሞ ዳይጀስት የሚባለውን ይምረጥ፣ እስከ 25 መልእክት በአንድ ኢሜይል ተጠቃሎ ይደርሰዋል።

ጂሜይል ላይ ለሚጽፉት ደግሞ ይህንን ንገሪያቸው፦ የላኩትን ኢሜይል መሰረዣ ጊዜ እስከ 30 ሰከንድ ማድረግ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ አለ። እኔን ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

አዲስ ችግር እንዳይመስልሽ። በኦክቶበር 1995 ሳሊ ሃምብሪጅ የምትባል የኢንቴል ሠራተኛ ያዘጋጀችው አርኤፍሲ 1855 የሚባል የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ አለ፣ እንግዲህ እናንተ ማትሪክ ሳትፈተኑ የወጣ ነው። ለአንድ ሰው የመለሳችሁ መስሏችሁ መልሱ ለግሩፑ ሁሉ ሊሄድ ይችላል፣ ተጠንቀቁ ይላል። ሲመልሱ የድሮውን ጽሑፍ በሙሉ መጎተት አያስፈልግም፣ ነገሩን የሚያስታውሰውን ያህል ብቻ ተዉ ይላል። ስሜት ውስጥ ሆናችሁ የጻፋችሁትን መልስ ደግሞ ሳትልኩ አሳድሩት ይላል። እነዚያ ሁለቱ ልጆች አሳድረውት ቢሆን ኖሮ ጠዋት አይልኩትም ነበር።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሕግሽን ከመጻፍሽ በፊት መጀመሪያ ለዚያ ልጅ ደውዪለት። በጽሑፍ አይሁን፣ ደውዪለት። እስካሁን ያነጋገረው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ሁሉም የጻፈው ስለ እሱ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ቀብር ቆሞ አፈር አልብሶ የመጣ ሰው በ160 ሰው ፊት «ሰው አይደለህም» ሲባል፣ እሱም ሐዘን ላይ መሆኑን የረሳነው ይመስለኛል።

የሰደበውንም ለብቻው አነጋግሪው። ጥፋቱ መቆጣቱ አይደለም፣ ስለ ጓደኛው ተቆጥቶ ነው። ጥፋቱ ቦታው ነው። ሰውን ለብቻው ብትገሥጪው ይሰማሻል፣ በአደባባይ ብትገሥጪው ግን ስሕተቱን ትቶ ፊቱን ማዳን ይጀምራል። ክፍል ውስጥ በልጆች ላይ ያየሁት ይህንን ነው፣ ትልቅ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።

እኔ ያለሁበት የእድር ቴሌግራም ላይም የተስማማነው እንዲሁ ነው። አባል ሲሳሳት ጸሐፊው ይደውላል። ግሩፑ ላይ ማንም እርማት አይጽፍም።

ዱባይ ያለሁ

ስለ ሞት ብቻ አይደለም። እኛ ግሩፕ ላይ አንዱ «ሐሙስ በ2 ሰዓት በዙም እንገናኝ» ብሎ ጻፈ። ማለቱ የአዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ዱባይ ያለነው ምሽት 3 ሰዓት ነን፣ ዋሽንግተን ያሉት በበጋቸው ቀን 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 6 ሰዓት ናቸው። አንዷ 2 ሰዓትን በፈረንጅ ቆጥራ ከሰዓት በኋላ ገብታ ብቻዋን ጠበቀች። ቀንም እንዲሁ ነው፣ «መስከረም 5» የእኛ ነው ወይስ ሴፕቴምበርን መስከረም ብሎ ነው? የ10 ወይ የ11 ቀን ልዩነት አለው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፣ የከተማ ስም ጨምሩ፣ ጠዋት ወይ ማታ በሉ።

በላቲን ፊደል አማርኛ የምትጽፉም እባካችሁ ተዉ። «ማታ» እና «መታ» አንድ ዓይነት ይሆናሉ፣ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ሰው ተጣልቶ አይቻለሁ።

ሌላ፦ ለለቅሶ መዋጮ ተብሎ የባንክ ቁጥር ግሩፕ ላይ ሲወጣ ባለቤቱን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትላኩ። የአንድ ጓደኛችን ኢሜይል ተጠልፎ በስሙ ብር ተለምኖበታል።

የ89 ባች ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ትናንት ማታ ደወልኩለት። 40 ደቂቃ አወራን። ለካ የጓደኛችን እናት እሱንም ልጅ ሆኖ ምሳ ያበሉት ነበር፣ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ቤት ገብቶ ልብሱን ሳይቀይር ነው የጻፈው። ይቅርታ ለመጠየቅ ለግሩፑ ሊጽፍ ነበር፣ ለእሷ ብቻ ጻፍላት አልኩት። ጻፈላት። እስካሁን አልመለሰችለትም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

የተቆጣውን ገና አላገኘሁትም፣ ስልኩ ይጠራል አይነሣም። ዛሬ እንደገና እሞክራለሁ።

መልሱ ለጻፈው ሰው ብቻ እንዲሄድ ቀይሬዋለሁ። ለሕጉ እስካሁን ያለኝ ይህ ነው፦ «የሐዘን ዜና ስትሰሙ ለግሩፑ ሳትጽፉ መጀመሪያ ለእኔ ደውሉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት። ቤተሰቡ ሁሉም ሰምቷል ሲለኝ እኔ እለቀዋለሁ። ማጽናኛችሁን ለሐዘንተኛው ለብቻው ላኩ።» ከሥሩ ስልኬን አደርጋለሁ። የሰዓቱንና የቀኑን ጉዳይ በሌላ ኢሜይል እልከዋለሁ፣ ከዚህ ጋር ማደባለቅ አልፈለግኩም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሙስሊም ጓደኞቻችን ጋ መርዶ እንዲህ ሳምንት ይቆያል ወይስ ወዲያው ነው የሚነገረው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለሁላችንም የሚሆን አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።