እንግሊዝኛው በዛብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነበር የኦንላይን ሥራ የጀመርኩት። ባልደረቦቼ ከሕንድ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከስኮትላንድና ከአሜሪካ ናቸው። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ የተማርኩትን ግን አይደለም።

ባለፈው ደቡብ አፍሪካዊቷን ፋይሉን መቼ እንደምትልክልኝ ጠየቅኳት። «ጀስት ናው» አለችኝ። አሁኑኑ ማለቷ መስሎኝ ኢሜይሌ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ለካ እነሱ ዘንድ «ቆይ፣ በኋላ» ማለት ነው! (የትራፊክ መብራትንም «ሮቦት» ነው የሚሉት።) ሕንዳዊው ደግሞ ስብሰባው «ፕሪፖን» ተደርጓል ብሎ ጻፈ። ተራዝሟል ማለት መስሎኝ ተዝናናሁ። ለካስ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ይካሄዳል ማለት ኖሯል። ስገባ ሁሉም ሊሰነባበት ነው።

ይባስ ብሎ «ቴብል» የሚለው ግስ አለ። ለእንግሊዞች አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ ለአሜሪካኖች ደግሞ ለሌላ ጊዜ ማቆየት። አንድ ቃል፣ ተቃራኒ ትርጉም! ታዲያ ስብሰባ ላይ ማንን ልመን?

ስኮትላንዳዊውንማ ተዉት። «ዊ» ሲል ትንሽ ማለቱ እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ሌላው አይገባኝም፤ ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንዴ እንዲህ ስነቀንቅ የማላውቀውን ሥራ ተቀብዬ ተገኘሁ።

እና ጆሮን ለተለያየ አነጋገር ለማስለመድ ምን ይሻላል? አንዱን አነጋገር ለይቼ ልያዝ ወይስ ሁሉንም እያፈራረቅኩ ልስማ? ስጽፍስ የአሜሪካንን ነው የእንግሊዝን አጻጻፍ የምከተለው? እስካሁን እየቀላቀልኩ ነው። ደግሞ «ምን አልክ?» ማለት ሲበዛ ያሳፍራል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትጠይቁት? ያለፈበት ሰው ካለ ቶሎ ይንገረኝ። ሐሙስ ከስኮትላንዳዊው ጋር ለብቻችን ስብሰባ አለን።