ጀርባው ልሙጥ የሆነ አሮጌ ሸክላ፦ የተቀረጸው በአንድ ገጽ ብቻ ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ የወረስኳቸውን ዕቃዎች ሳስተካክል አንድ ከባድ ጥቁር ሸክላ አገኘሁ። ድምፅ የተቀረጸበት በአንዱ ገጹ ብቻ ነው፤ ሌላው ገጹ ምንም የሌለበት ልሙጥ ነው። የፋብሪካ ስሕተት ይሆን? ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ሲከነክነኝ የኖረ ሌላ ጥያቄም አለኝ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ድምፅ በሰም ሲሊንደር (ቱቦ መሰል የሰም ጥቅል) የተቀዳ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ላይ ያዜሙት ግን በሸክላ ወጣ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን ተለወጠ?

የድሮ ዜማ ወዳጅ፦ ስሕተት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሸጡት ሸክላዎች ባለ አንድ ገጽ ነበሩ፤ በሁለቱም ገጽ የታተመውን ለገበያ ያቀረበው ኦዴዮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ይኸውም በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም በዚህ ብቻ ዕድሜውን መወሰን አይቻልም፤ የአሜሪካው የሸክላ ኩባንያ ቪክተር የታላላቅ ድምፃውያንን ሸክላ እስከ 1923 ድረስ በአንድ ገጽ ያሳትም ነበርና።

ዘውዴ፦ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ልሞክር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በሰም ሲሊንደር የሚሠራው የኤዲሰን ፎኖግራፍ ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን መቅዳትም ይችል ስለነበር፣ መሣሪያው ቤተ መንግሥት ድረስ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል እዚያው ሊቀበል ቻለ። ችግሩ ማባዛቱ ላይ ነበር። በ1890ዎቹ ሲሊንደርን በብዛት ለመሸጥ ድምፃዊው በተደረደሩ የመቅጃ ቀንዶች (ድምፅ የሚቀበሉ መለከት መሰል ቱቦዎች) ፊት ቆሞ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ መዝፈን ነበረበት፤ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ጆንሰን አንድ ዘፈኑን በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ ጊዜ እንደዘፈነ ሳስብ ድካሙ ዛሬም ይሰማኛል።

በሃኖቨር ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኤሚል በርሊነር ግን በ1887 በጠፍጣፋ ሸክላ የሚሠራውን የግራሞፎንን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። መርፌው ወደ ታችና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ፣ ስስ ሰም በተቀባ ጠፍጣፋ የዚንክ ሳህን ላይ ይጭራል፤ የተጫረው በአሲድ ይበላና ቦዩ ይወጣል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረት አልብሶ ግልባጭ ቅርጽ ይወሰድበታል። ከዚያ ቅርጽ፣ ዘፋኙ ሳይደክም፣ ብዙ ቅጂ ማተም ይቻላል። እኛ «ሸክላ አሳተመ» የምንለው ግሥ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ልኩ እንደሆነ ያስተውሉ። ገዢው በቤቱ መቅዳት አይችልም፤ መግዛትና ማዳመጥ ብቻ ነው ድርሻው። ኢንዱስትሪው የተወለደው፣ በእኔ እምነት፣ ከድምፅ ጥራት ይልቅ ከዚህ ነው።

ቀሪው የንግድ ታሪክ ነው። ኤልድሪጅ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካዋ የካምደን ከተማ መካኒክ በእጅ ይዞር በነበረው ግራሞፎን ላይ የስፕሪንግ ሞተር ገጠመለት፤ በ1901ም ቪክተርን መሠረተ። የለንደኑ ግራሞፎን ኩባንያ የላከው ፍሬድ ጌይስበርግ በሚያዝያ 1902 ሚላን ሆቴል ውስጥ ጣሊያናዊውን የኦፔራ ዘፋኝ ካሩሶን በ100 ፓውንድ አሥር ዘፈን አስቀረጸው፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ካልካታ ደርሶ ህንዳዊቷን ዘፋኝ ጎሃር ጃንን ቀዳ። መሣሪያውን ለመሸጥ በየአገሩ ቋንቋ የተዘፈነ ሸክላ ማቅረብ አስፈላጊ ስለነበር፣ የኩባንያዎቹ ጆሮ እስከ አማርኛ ዜማ ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም።

የጥገና ባለሙያ፦ ሸክላውን ከማጫወትዎ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ስሙ ሸክላ ቢሆንም የተሠራው ከጭቃ አይደለም፤ በህንድና በአካባቢው የሚገኝ ነፍሳት የሚያመነጨው ሼላክ የተባለ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄትና ከጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት የታተመ ነው። ሼላክ በአልኮል ስለሚሟሟ በአልኮል ፈጽሞ አያጽዱት፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የኋለኛ ዘመን የፕላስቲክ ሸክላ የሚነበብበት መርፌም ለዚህ ሰፊ ቦይ ስለሚቀጥን አይሆንም። ፍጥነቱም ሁልጊዜ በደቂቃ 78 ዙር ላይሆን ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ከዚያ ከፍና ዝቅ ይሉ ነበር። በመሀሉ ካለው ወረቀት አጠገብ የተጫረ ቁጥር ካገኙ ግን ጽፈው ይላኩልን፤ የቀረጻው መለያ እርሱ ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአልኮል ላጸዳው ጥጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ እግዚአብሔር አተረፈው። ቁጥሩን ነገ በቀን ብርሃን በማጉያ መነጽር አንብቤ እጽፍላችኋለሁ።